“ለእኔ ነው ጠመንጃ የሚያስተምረኝ?” እና ሌሎች የሽጉጥ ሥልጠና ስህተቶች

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ መግዛት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ክፍል ገብቶ ይማራል። ቢያንስ 4 ሰዓት። አሻራ ይሰጣል፣ ቢያንስ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ከዚያ ለስቴቱ ፖሊስ አመልክቶ የመግዣ ፈቃዱን ይጠብቃል። እኔ የተማርኩት ሌሊት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን በምሠራበት ጊዜ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሐበሻ ሁለት ነበርን። እኔና ስልሳን የተሻገሩ አንድ ጋሼ። ከእሳቸው፣ ከራሴና በኋላ ከተመዘገቡ ጓደኞቼ ያየሁትን ስህተት ልንገራችሁ።

“ይሄንማ አውቀዋለሁ” ብሎ መግባት

ጋሼ ያደጉት ገጠር ነው፣ የአባታቸውን ምንሽር እየወለወሉ። መምህሩ ስለ አፈሙዝ (ጥይት የሚወጣበት ጫፍ) እና ስለ ምላጭ (በጣት የሚሳበው) ሲያስረዳ ወደ እኔ ዘንበል ብለው “ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ለእኔ ነው ጠመንጃ የሚያስተምረኝ?” አሉኝ። ሳቅን።

መተኮሻው ቦታ ገባን። ሦስተኛው ጥይት ላይ ሽጉጣቸው ነከሰ፣ ተቀርቅሮ አልተኩስም አለ። ጋሼ “ምን ነካው ይሄ?” ብለው፣ ሽጉጡን እንደያዙ፣ ወደ እኛ ዞር አሉ። አፈሙዙ በእኔ ሆድ፣ በመምህሩ ደረት፣ ከኋላ ተራ በምትጠብቅ ሴት ላይ አለፈ። እኔ “ጋሼ፣ ወደ ፊት! ወደ ፊት ያዙሩት!” ብዬ ጮህኩ። ጆሯቸው ተሸፍኗል፣ የት ይሰማሉ። መምህሩ ክንዳቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ መለሳቸው።

ይሄ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ጋሼን ያሳታቸው ግን ጀማሪ አለመሆናቸው ነው። ምንሽር ረጅም ነው፣ ይዘኸው ስትዞር ራሱ ይከብድሃል። ሽጉጥ መዳፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ክንድ በታጠፈ፣ አንገት በዞረ ቁጥር አፈሙዙም አብሮ ይዞራል። ሲነክስባችሁ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሱ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አውጡ። ሌላውን እጃችሁን አንሱና ቁሙ። መምህሩ እናንተ ጋ ይመጣል እንጂ እናንተ ወደ እሱ አትሄዱም።

ትምህርት ቤቶቹ የሚያስተምሯቸው አራት ሕጎች አሉ፣ ጄፍ ኩፐር የተባሉ የቀድሞ የአሜሪካ ማሪን (ባሕር ወለድ ጦር) መኮንን ናቸው በዚህ መልክ ያስፋፏቸው። ሽጉጥ ሁሉ እንደጎረሰ ቁጠረው። ልታጠፋው በማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር። አነጣጥረህ እስክትወስን ጣትህን ምላጭ ላይ አታድርግ። ዒላማህንና ከዒላማህ ጀርባ ያለውን እወቅ። አራተኛው ለእኛ ልጆች አዲስ ነው። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ ሲተኮስ ነው ያደግነው፤ ያ ጥይት የት እንደሚወርድ ማን ጠየቀ?

ካዝናው ወጥቷልና ባዶ ነው ማለት

ይሄኛው የራሴ ነው። መምህሩ “ባዶ አድርገህ አሳየኝ” አለኝ። የሽጉጡን ተንሸራታች የላይኛ አካል ስቤ ለቀቅኩ፣ አንድ ጥይት ዘሎ ወጣ። ከዚያ ካዝናውን (ጥይቶቹ የሚታጨቁበትን) አወጣሁና “ባዶ ነው” አልኩ። መምህሩ ምንም አላለም፣ ደግሞ ስቦ አሳየኝ። ሌላ ጥይት ወጣ።

ምን ሆነ? ካዝናው ውስጡ እያለ ስስብ አንዱን አስወጥቼ ሌላውን አጎረስኩት። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ፦ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ቀጥሎ ይሳባል፣ ከዚያ ከፍቶ መያዝ፣ በዓይን ማየት፣ በትንሿ ጣት መዳሰስ። ለማስተማሪያ የሰጡኝ ጥይት የማይፈነዳ የፕላስቲክ ነበር። ባይሆንስ?

እሺ፣ እሺ እያሉ ማለፍ

ይሉኝታ የትም ይቻላል፣ እዚህ ግን አይሆንም። አንዲት ጓደኛዬ “ሬንጁ (መተኮሻው ቦታ) ሆት ነው” ሲባል ስለ ሙቀቱ የተወራ መስሏት ጃኬቷን አወለቀች። ሆት ማለት ተኩስ ተፈቅዷል ማለት ነው። ኮልድ ሲባል ደግሞ ሽጉጥ ቀርቶ የሽጉጥ ቦርሳ አይነካም። “ሲዝ ፋየር” (ተኩስ አቁም) ከተባለ ማንም ይበለው ማን ወዲያው ይቆማል፤ አደጋ ካያችሁ እናንተም ጮኻችሁ ማለት ትችላላችሁ። ያልገባችሁን አስደግሙ። ደግሞ ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የምንስባት “እ” ለፈረንጅ አዎ አይደለችም፣ የደነገጥን ነው የሚመስለው። አፍ አውጥቶ መናገር ነው።

አለባበስ

አንገቱ ሰፊ ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ። የተተኮሰው ቀለህ እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ትኩስ ነው፣ ደረት ውስጥ ሲገባ ሰው ሽጉጥ በእጁ እንዳለ ረስቶ ይዘላል። ጫማ ዝግ ይሁን። ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ የጆሮ መድፈኛውንም መሸፈኛውንም ደርቡ። ወፍራም ሻሽ ከመሸፈኛው ስር ከገባ ድምፁ በክፍተቱ ይገባልና ሻሹን አስተካክሉ።

ጥይቱ ሳይወጣ መደንገጥ

የብዙ ቀኝ እጅ ሠልጣኞች ጥይት ከዒላማው ግራ ታች ነው የሚያርፈው። ጥፋቱ የዓይን አይመስለኝም። ሰውነት ፍንዳታውን ቀድሞ ይጠብቅና ምላጩ ሊሳብ ሲል ሽጉጡን ወደ ታች ይገፋዋል። የእኔ መምህር ሳላይ የማይፈነዳ ጥይት ከእውነተኞቹ መሃል ቀላቀለ። ሳብኩ፣ ቀጭ አለ፣ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ተደፋ። ምንም ሳይፈነዳ! አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ምላጩን እንደ እርሳስ ማጥፊያ ቀስ ብዬ ነው የምጫነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የግራ አውራ ጣታችሁን ከሽጉጡ ጀርባ አታሻግሩ። የላይኛው አካል ወደ ኋላ ሲመለስ ሥጋ ይቆርጣል።

ወረቀቱን ንቆ መመዝገብ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ መዘዙ ከአገር እስከ መባረር ነውና።

በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ ነገሮች ካልፈቀዱለት በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሳሪያም ጥይትም መያዝ ክልክል ነው። መግዛት ብቻ አይደለም፤ ተከራይቶ መተኮስም መያዝ ነው። “ፎቶ ልነሳ ብዬ እኮ ነው” አያድንም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ካላለቀ ጠበቃ ሳታማክሩ አትሂዱ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፣ ግን በመሳሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊያስወጣው ይችላል።

ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ አደገኛ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማሪዋና በሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ቢፈቀድም ቅጹ በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ስለ ጫትም አትዘናጉ። በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አሜሪካ ውስጥ በጥብቅ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ነው። ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛትም እንደዚሁ ወንጀል ነው። “ወንድሜ ነው፣ ብሩን እሱ ነው የሰጠኝ” ካላችሁማ ራሳችሁ መሰከራችሁ።

ሌላው፣ የመግዣ ፈቃድን የመታጠቂያ ፈቃድ ማድረግ ነው። የ4 ሰዓቱ ኮርስ ለመግዛት ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ታጥቆ ለመውጣት ሌላ ፈቃድ፣ ለእሱም የ16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ዲሲ ደግሞ የራሷ አላት፣ 16 ሰዓት ክፍል ውስጥና 2 ሰዓት መተኮሻ ቦታ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነስቶ በዲሲ በኩል ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ሊበላ የሚሄድ ሰው በግማሽ ሰዓት ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ከዲሲ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሩ ሜሪላንድ ገብታችኋል፣ ማንም አያስቆማችሁም፣ ሕጉ ግን ተቀይሯል። ሾፌሮች ደግሞ ልብ በሉ፦ ኡበርም ሊፍትም ሾፌር በሥራ ላይ መሳሪያ እንዲይዝ አይፈቅዱም። ብዙ ሰው ኮርሱን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ይሄን የሚሰማው።

ቁልፍ ሳጥኑን ለሚቀጥለው ወር ማስተላለፍ

ሽጉጡን የገዛ ሰው ገንዘቡ ያልቅበታል። ሳጥኑን “ደመወዝ ሲገባ” ይላል። እስከዚያ ቁም ሳጥን ላይ፣ ፍራሽ ስር፣ የቡና ስኒ ካርቶን ውስጥ። እኛ ራሳችን ልጅ ሆነን እናታችን የደበቀችውን ስኳር ያላገኘንበት ቀን ነበር? ሜሪላንድ ሕጉን በጥቅምት 2023 አጥብቃለች፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሳሪያ መተው ወንጀል ነው። እኔ ሳጥኑን ከሽጉጡ በፊት ነው የገዛሁት። ሻጩ ሳቀብኝ፣ ይሳቅ።

እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ

ይሄን ክፍል ውስጥ በሩጫ ያልፉታል፣ ለእኛ ግን ዋና ነገር ነው። ጥይት ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ። ሲተኮስ ብናኙ እጅ፣ ልብስና ጫማ ላይ ይቀራል። ፈረንጁ ከሥልጠና ወጥቶ በሹካ ይበላል፣ እኛ በጣት ነው። እርሳስ ከሁሉ በላይ ሕፃንና ፅንስ ይጎዳል፤ እርጉዝ ከሆናችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትመዝገቡ።

ጋሼና እኔ ያን ቀን አብረን ምሳ ሄድን። ምግቡ ቀረበ፣ እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ አስቆምኳቸው። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና፣ እስከ ክንድ። ተመልሰው ሲቀመጡ እጅጌያቸው እርጥብ ነበር። “ቤት ስገባስ?” አሉኝ። የልጅ ልጃቸው በር ላይ ሮጣ ነው የምትጠመጠምባቸው። “ልብስዎንና ጫማዎን በር ላይ አውልቀው፣ ተጣጥበው ነው የሚያቅፏት” አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ “ንጹሕ ጋቢ በር ላይ አስቀምጪልኝ” አሏት ልጃቸውን።