ነጭ ሽንኩርቱን አትንኩባቸው

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ ሰዉ በራችን ላይ ለማስክና ለሳኒታይዘር ተሰለፈ። እማዬ ግን ገበያ ሄዳ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ተሸክማ ገባች። «ነይ ይሄን ስሚ» አለችኝ። በቴሌግራም የደረሳት የድምፅ መልእክት ነው። አንድ ሰውዬ «ዶክተር ነኝ» ይልና፣ ነጭ ሽንኩርት በፌጦ የበላ ሰው ኮሮና አይነካውም ብሎ ይምላል።

እናት አባታችሁ እንዲህ ያለ ያልተጣራ ወሬ ሲያመጡላችሁ፣ የዚያን ቀን እኔ ያደረግኩትን እናንተ አታድርጉ። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ዝም አለች። ለጎረቤት መላኩን ግን አልተወችም፤ የተወችው ለእኔ ማሳየቱን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አብራችሁ ስሙት፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ጠይቁ። ማነው የሚያወራው? የት ነው የሚሠራው? መቼ ነው የተቀዳው? ከሳምንት በኋላ ይህንኑ ስጠይቃት፣ እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። «ስሙን አልተናገረም እኮ» አለች። እኔ ብነግራት አትቀበለኝም ነበር።

ቀጥሎ ራሳቸው እንዲያጣሩ አድርጉ። ያኔ ስለ ኮሮና ለመጠየቅ ወደ 8335 በነፃ ይደወል ነበር። ስፒከር ላይ አደረግኩላት። ረጅም ሰላምታ ሰጥታ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ሁሉ ጠይቃ፣ ጥያቄዋን አቀረበች። ነጭ ሽንኩርት ለምግብ ጥሩ ነው፣ ከኮሮና ግን አያድንም አሏት።

ነጭ ሽንኩርቱን ግን አትንኩባቸው። እናቶቻችን ጉንፋን ሲይዘን ያዳኑን በዝንጅብል ሻይ ነው ብለው ያምናሉ፤ ያንን መንጠቅ እነሱን መንጠቅ ነው። ሻዩ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ችግር የሚሆነው ማስኩን ሲተካ ነው። «እማዬ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ስትወጪ ማስክሽን አድርጊ» አልኳት። ተስማማን።

የሚገድል ወሬ ከሆነ ግን ፊት ለፊት ተናገሩ፣ ማግባባት አያስፈልገውም። በዚያው ሰሞን ኢራን ውስጥ አልኮል ኮሮናን ይከላከላል መባሉን አምነው ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል ያለበት መጠጥ የጠጡ ሰዎች በመቶዎች አልቀዋል።

በመጋቢት 2013 ክትባት ሲጀመር ደግሞ «መካን ያደርጋል» የሚል መጣ። ማስረጃ ልደረድር ስል፣ ቆም ብዬ «ምኑ ነው ያስፈራሽ?» አልኳት። ለካ የፈራችው ለራሷ አይደለም፤ ገና ላልወለደችው ታናሽ እህቴ ነው። ከዚያ ስለ እህቴ አወራን፣ ሌላውን ተውነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትደብቁ። ክትባቱ ክንድ ያማል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ያተኩሳል፤ በጣም አልፎ አልፎም፣ ያኔ ይሰጥ የነበረው አስትራዜኒካ የተባለው ክትባት ከባድ የደም መርጋት ያስከትል ነበር። ይህንን ከእናንተ ቀድመው ከሌላ ቢሰሙት፣ ቀሪውን ቃላችሁን ማን ያምናል? እማዬ የተከተበች ዕለት ማታ ትኩሳት ያዛት። «ያልሽኝ መጣ» አለችና ፓራሲታሞል ውጣ ተኛች።