ማንም ያልነገረዎትን ሙዚቃ እንዴት ያገኛሉ? ለሌላውስ እንዴት ያደርሳሉ?

አንዱ ዘፈን ሲያልቅ መተግበሪያው ሌላ ያስከትላል፤ እሱም ሲያልቅ ሌላ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ምን ሲሰሙ እንደቆዩ ቢጠየቁ የአንዱን እንኳ ስም መጥራት ያቅትዎታል። እኔም ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይሰማኛል፣ የምወደው ሙዚቃ ግን እያነሰ ሄደ። ከዚያ ያወጣኝ ነገር አንድ ነው፦ ዘፈን መከተል ትቼ ሰው መከተል ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ዝርዝር ነው።

አስቀድሞ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ነጻ ሙዚቃ የምለው ከሦስቱ ግዙፍ ኩባንያዎች፣ ከዩኒቨርሳል፣ ከሶኒና ከዋርነር ውጭ የሚታተመውን ነው። አንዳንዱ ሙዚቀኛ ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ያሳትማል፤ ሌላው ሁለት ሦስት ሰዎች በሚያንቀሳቅሱት ትንሽ አሳታሚ በኩል ይወጣል። ጃዝ ሊሆን ይችላል፣ ራፕም፣ የባህል ዘፈንም። ነጻ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት፤ አሰልቺውም ሞልቷል።

1. ከሚወዱት አንድ ዘፈን ይነሱና ከጀርባው ያሉትን ስሞች ያንብቡ

አዲስ ሙዚቃ ልፈልግ ብሎ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከባዶ ይጀምራል፤ ቶሎ የሚደክመውም ለዚህ ነው። ይልቅ መቶ ጊዜ ሰምተውት ያልሰለቸዎትን አንድ ዘፈን ይምረጡ። ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ፦ የሚይዘኝ ምኑ ነው? ድምፁ ነው? ከበሮው ነው? ወይስ ከኋላ እንደ ጭስ የሚንሳፈፈው ኦርጋን? መልሱን ካገኙ ያንን የሠራውን ሰው ይፈልጉ። ድምፃዊው ላይ አይቁሙ። ቤዝ ጊታሩን የተጫወተው ማን ነው? ማን አቀናበረው? የትኛው ስቱዲዮ ተቀረጸ? ማንስ ድምፆቹን አመጣጥኖ አዋሃደው (ሚክስ አደረገው)? ጎበዝ ከበሮ መቺ በአንድ ባንድ ብቻ አይወሰንም፤ ከሠራባቸው አምስት ባንዶች አራቱን ሰምተዋቸው አያውቁ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ እጅግ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ሲሆን መረጃውን የሚሞሉት ሸክላና ካሴት የሚሰበስቡ ተራ ሰዎች ናቸው። አንድ ስም ሲጫኑ ባለቤቱ የተሳተፈባቸውን ሥራዎች ይደረድርልዎታል። አዲስ ለወጣ ሥራ ደግሞ ሙዚቀኛው በራሱ ገጽ ከአልበሙ ግርጌ የጻፈውን ማየት ይበቃል።

ይህ ልማድ ከነጻ ሙዚቃ ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ባዝኮክስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ ላይ ከወዳጅ ዘመድ 500 ፓውንድ ተበድሮ የመጀመሪያ ሸክላውን በ1,000 ቅጂ አሳተመ። ሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸና ስንት ተጨማሪ ድምፅ እንደተደረበበት ሳይቀር ጽፎበታል። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ እንዲህ ነው የሠራነው፣ እናንተም ትችላላችሁ። ብዙዎችም ሞከሩት።

እኔ በበኩሌ አንድ ጊዜ ከአልበም ጀርባ ያገኘሁትን የአንድ ክላርኔት ተጫዋች ስም ተከትዬ ሁለት ሳምንት ባዘንኩ። ዛሬ ከማልለያቸው አልበሞች ሦስቱ ከዚያ ጉዞ የመጡ ናቸው። የተነሳሁበትን አልበም ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

2. አሳታሚውን ይወቁ

ትንሽ አሳታሚ ማለት ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ሰዎች ጆሮ ማለት ነው። ዲስኮርድ የተባለውን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1980 በዋሽንግተን ዲሲ የመሠረቱት ወጣቶች የራሳቸውን ባንድ ሸክላ ለማሳተም ነበር የተነሱት፤ ከዚያም በከተማቸው ባንዶች ላይ አተኮሩ። የሲያትሉ ሰብ ፖፕ ደግሞ አሳታሚ ከመሆኑ በፊት ስለ ነጻ ሙዚቃ የምትጽፍ ትንሽ የግል መጽሔት ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚያሳትሙት ራሳቸው የሚያፈቅሩትን ስለሆነ አንዱን ሥራቸውን ከወደዱ ሌላውንም የመውደድ ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ስለዚህ የወደዱት አልበም በማን እንደታተመ ይዩና ከአሳታሚው የቅርብ ጊዜ ሥራዎች አምስቱን መርጠው ከየአንዳንዳቸው አንድ ዘፈን ይስሙ። ሁለቱ ከጣሙዎት ለኢሜይል ደብዳቤያቸው ይመዝገቡ። አንዱም ካልጣመዎት ይለፉት።

3. የገዢዎችን መደርደሪያ ይጎብኙ

ባንድካምፕ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ነው። አብዛኛው ሰው ገብቶ የሚያውቀውን ስም ይፈልግና ይወጣል። ሀብቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በአልበሙ ገጽ ላይ አልበሙን የገዙ ሰዎች ትንንሽ ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ። አንዱን ሲጫኑት ሰውየው የገዛው ሙዚቃ በሙሉ ፊትዎ ይዘረጋል። የማያውቁት ሰው ቤት ገብተው የሸክላ መደርደሪያውን እንደማገላበጥ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ፈቅዶ።

ታዲያ ሁሉም መደርደሪያ እኩል አይደለም። አራት ሺህ አልበም የሰበሰበ ሰው መንገድ ያስታል። ከሠላሳ እስከ ሁለት መቶ ያለውን እመርጣለሁ፤ ያን ያህል የገዛ ሰው አስቦ ነው የገዛው። እርስዎ የሚወዷቸው ሁለት ብዙም የማይታወቁ አልበሞች አንድ ሰው ዘንድ ከተገናኙ ደግሞ ያንን ሰው አይልቀቁት። የገጹ ሥርዓት ሰውን ለመከተል ስለሚፈቅድ አዲስ ነገር ሲገዛ ይደርስዎታል።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ከአልበሙ ሥር የሚለጥፏቸው መለያ ቃላትም አሉ፤ የሙዚቃው ስልት፣ መሣሪያው፣ የመጣበት ከተማ። "ጃዝ" የሚለውን መጫን ከባሕር በጭልፋ መቅዳት ነው። የከተማ ወይም የአንድ መሣሪያ ስም ይጫኑ፤ የሚወጣው ዝርዝር አጭርና ያልተጠበቀ ይሆናል።

4. ሰው የሚመርጥበት ራዲዮ ይፈልጉ

እንግሊዛዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ጆን ፒል በቢቢሲ ራዲዮ 1 እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በ2004 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ሠርቷል። ማንም ያላሳተማቸው ወጣቶች ካሴት ይልኩለታል፤ ሰምቶ ደስ ያለውን ያሰማል፣ አንዳንዴም ሸክላውን በተሳሳተ ፍጥነት ያጫውታል። እንዲህ ያለ ራዲዮ ዛሬም አለ። የኒው ጀርሲው ደብሊው ኤፍ ኤም ዩ በአድማጮች መዋጮ የሚተዳደር ነው፤ አዘጋጆቹም የሚያሰሙትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። የሲያትሉ ኬ ኢ ኤክስ ፒና እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ኤን ቲ ኤስም በኢንተርኔት ይደመጣሉ። ሦስቱም የተሰሙትን ዘፈኖች ስም ስለሚያወጡ ያመለጠዎትን ተመልሰው ማየት ይችላሉ።

ጣቢያውን ሳይሆን አንዱን አዘጋጅ ይምረጡና ለአንድ ወር ይከተሉት። የመጀመሪያው ሳምንት ግራ ያጋባል፤ በሦስተኛው የሰውየውን ጣዕም ይለምዱታል፣ መቼ እንደሚሳሳትም ያውቃሉ።

5. ማሽኑን ይጠቀሙበት፣ ግን ይወቁት

የሙዚቃ ማድመጫው ስፖቲፋይ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ በየሰኞው ለየአድማጩ 30 ዘፈኖች ያቀርባል። ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች ዋነኛው ማመሳሰል ነው፦ እርስዎ የሚሰሙትን የሚሰሙ ሌሎች ሰዎች ሌላ ምን ይሰማሉ? ዘዴው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ትናንት የወጣና አሥር ሰው ብቻ የሰማው ዘፈን ከምንም ጋር የሚያመሳስለው መረጃ የለውም። ስለዚህ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል። መፍትሔው ማሽኑን በብዙ ሰው ከማይታወቅ ዘፈን ማስነሳት ነው። ልጆች የሚሰሙትንና ለእንቅልፍ የሚከፍቱትን ደግሞ በሌላ አካውንት ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሰኞ ጠዋት የዝናብ ድምፅ ይጠብቅዎታል።

6. ሦስት ጊዜ ይስሙ፣ ይመዝግቡም

የመጀመሪያው ማድመጥ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ቶሎ የሚያስደስት ቶሎ ይሰለቻል፣ ጎርባጣው ደግሞ ቆይቶ ይገባል። በሦስት የተለያዩ ቀናት ይስሙት፤ ቢያንስ አንዱን ጊዜ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ። የሙዚቀኛውን ስም፣ የአልበሙን ስምና ከየት እንዳገኙት ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። "ከየት" የሚለውን አይዝለሉት፤ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ምንጭ እንደሚያዋጣዎት የሚነግርዎት እሱ ነው።

7. ይክፈሉ

ብዙዎቹ ትልልቅ የሙዚቃ ማድመጫዎች የአባላትን ክፍያ አንድ ላይ ሰብስበው፣ የራሳቸውን ድርሻ ካነሱ በኋላ ቀሪውን እንደ አጠቃላይ የመደመጥ ብዛት ያካፍላሉ። ወሩን ሙሉ አንድ ሙዚቀኛ ብቻ ቢሰሙም ገንዘብዎ በአብዛኛው የሚሄደው ሌላው ሕዝብ ወደሚሰማቸው ነው። በስፖቲፋይ ላይ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻው መብት ከሚገኘው ገቢ ምንም አያገኝም። በአንጻሩ ሳውንድክላውድ የተባለው ማድመጫ እ.ኤ.አ. በ2021 የእያንዳንዱን አድማጭ ገንዘብ እሱ ለሰማቸው ነጻ ሙዚቀኞች የሚያደርስ አሠራር ጀምሯል።

ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ እንደ ሸክላና ካናቴራ ካሉ ዕቃዎች 10 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ አስተላላፊው ወጪ ሲቀነስ የተረፈው የሙዚቀኛው ወይም የአሳታሚው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2020፣ ኮንሰርቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉበት ሰሞን፣ ድርሻውን ለአንድ ቀን ተወ፤ ከዚያ ወዲህም በተመረጡ ዓርቦች ይህንን ይደግመዋል። የምገዛውን ለእነዚያ ቀናት አቆያለሁ። አቅም ከሌለዎት በወር አንድ ዘፈን ይግዙ፤ ሙዚቀኛውን ከመቶ ጊዜ ማድመጥ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል።

8. ለሰው ያድርሱ

እዚህ ላይ ብዙ አጥፍቻለሁ። አንድ ጊዜ ለቅርብ ጓደኛዬ 43 ዘፈኖች ደርድሬ ላክሁለት። "አመሰግናለሁ፣ እሰማዋለሁ" አለኝ። በሳምንቱ ጠየቅሁት፣ በወሩም ጠየቅሁት፤ በመጨረሻ ሲያየኝ መንገድ መለወጥ ጀመረ። ለካ ስጦታ ሳይሆን የቤት ሥራ ነበር የሰጠሁት።

አሁን የምከተለው ሥርዓት ይኸው ነው፦ አንድ ዘፈን፣ ለአንድ ሰው፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር። ዓረፍተ ነገሩ "በጣም አሪፍ ነው" መሆን የለበትም፤ ይህ ስለ ዘፈኑ ምንም አይናገርም። ለወዳጅዎ "ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው ጸጥ ሲል ልብ በለው፤ ሌሊት ስንመለስ መኪና ውስጥ የነበረውን ዝምታ አስታወሰኝ" ብለው ቢጽፉለት ሳይሰማው አያድርም። የት ላይ ጆሮውን እንደሚያቆም ነግረውታል፤ እሱን አስበው እንደመረጡትም ገብቶታል። ከላኩ በኋላ "ሰማኸው?" ብለው አይጠይቁ።

የሚልኩት ማስፈንጠሪያ የሙዚቀኛው የራሱ ገጽ ይሁን። ፋይሉን ገልብጠው ከላኩ ዘፈኑ ይደርሳል፣ ሰውየው ግን ይጠፋል፤ ተቀባዩ ሌላ ሥራውን የሚፈልግበት መንገድ የለውም። መገልበጥ የሚፈቀድበት ሙዚቃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለ ድርጅት ባዘጋጀው ፈቃድ የወጣ ሥራ በፈቃዱ ልክ ሊባዛ ይችላል፤ ስም መጥቀስ ግዴታ ይሁን፣ ለንግድ መዋል ይከልከል፣ ገጹ ላይ ተጽፏል፤ ያንብቡት።

ዝርዝር ማዘጋጀት ካማረዎት ከአሥራ ሁለት ዘፈን አይበልጥ። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ነበር፤ ያ ልክ ዛሬም ይሠራል፣ ሰው ሳይነሳ የሚቀመጠው ያን ያህል ነው። ተቀባዩ የሚያውቀውን ዘፈን ሁለተኛ ላይ፣ በጣም የሚያስፈራውን አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ላይ ያድርጉት። አንድ ሙዚቀኛ ሁለት ጊዜ አይግባ። ቅደም ተከተሉን ጨርሰው ሳይሰሙት አይላኩ፤ ሁለት ዘፈኖች ለየብቻቸው ደስ ብለው ሲገናኙ የሚጣሉበት ጊዜ አለ።

ብዙ ሰው ላለበት ቡድን ከሆነ ደግሞ ተራ ያውጡ፦ በሳምንት አንድ ሰው፣ አንድ ዘፈን። ሁሉም በአንድ ቀን ካፈሰሰ ማንም አይሰማም።

በመጨረሻ ለሙዚቀኛው ራሱ ይጻፉለት። ትልልቆቹ ላያነቡት ይችላሉ፤ ሁለት መቶ አድማጭ ያለው ግን ያነበዋል። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ዘፈኑን እንዴት እንዳገኙት፣ የቱ ቦታ እንደያዘዎት፣ ለማን እንደላኩት። ምንም አይለምኑት። ከመለሰልዎት አንድ ጊዜ ብቻ እሱ ምን እንደሚያደምጥ ይጠይቁት፤ የሚልክልዎት ስም የትም ዝርዝር ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል፣ ማስታወሻዎ ላይ "ከየት" በሚለው ሥር የእሱን ስም ይጻፉበት።