ፕሮሰስ ስትዘጉ 9ን ለመጨረሻ አቆዩት

ሰርቨር ክፍል አዲስ ልጅ ሲቀጠር መጀመሪያ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፕሮግራም ሃንግ ባደረገ ቁጥር እጅህ ፕሮግራሙን በግድ ወደሚያጠፋው ትዕዛዝ፣ ወደ «ኪል -9»፣ አይሩጥ። ሊኑክስ ከዚያ የተሻለ መንገድ አለው።

ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናሉ ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደላት አስገቧቸው።

መጀመሪያ የፕሮሰሱን፣ ማለትም እየሮጠ ያለውን ፕሮግራም፣ መለያ ቁጥር ፈልጉ። የፓይተን ስክሪፕት ነው እንበል። «ፒግሬፕ -ኤ ፓይተን» ብላችሁ ኢንተር ስትሉ፣ በየመስመሩ ቁጥሩና ፕሮሰሱ የተነሳበት ሙሉ ትዕዛዝ ይመጣል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። 4127 የወር ሪፖርት የሚያወጣው፣ 4302 ደግሞ ደንበኞች እየተጠቀሙበት ያለው ዌብሳይት ሊሆን ይችላል። ፒኪል በቁጥር ሳይሆን በስም ስለሚዘጋ «ፒኪል ፓይተን» ብትሉ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ፒኪልን ከመጠቀማችሁ በፊት ያንኑ ስም በፒግሬፕ እዩት።

ቁጥሩን ካወቃችሁ «ኪል 4127» በቂ ነው። ኪል ለፕሮሰሱ ሲግናል፣ ማለትም ቁጥር ያለው መልእክት፣ ይልካል፤ ሌላ ቁጥር ካልጨመራችሁ የሚላከው 15 ነው፤ ሲግተርም ይባላል። ይሄ ልመና ነው። በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም መልእክቱ ይደርሰዋል፣ የጀመረውን ጽፎ ይጨርሳል፣ ፋይሉን ይዘጋል፣ ይወጣል። ጊዜ ስጡት። የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሳውና የሚያቆመው ሲስተምዲ ራሱ አገልግሎት ሲያቆም፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ 90 ሰከንድ ይታገሣል። መውጣቱን ለማየት «ኪል -0 4127» በሉ። ዜሮ ምንም ሲግናል አይልክም። ዝም ካለ ፕሮሰሱ አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም ካለ ወጥቷል። አልተፈቀደም ካላችሁ ግን ፕሮሰሱ የሌላ ሰው ነው። ሱዶን (ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን) ከመጠቀማችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

ፕሮግራሙ ፊት ለፊታችሁ ተርሚናሉ ላይ እየሮጠ ከሆነ ኮንትሮል ሲ ይበቃል። ኮንትሮል ዜድ ግን አይዘጋም፤ ባለበት ያቆመዋል እንጂ። ሜሞሪውንም ፖርቱንም እንደያዘ ይቀመጣል። «ኤፍጂ» ብላችሁ መልሱትና በኮንትሮል ሲ ዝጉት።

አሁን ወደ 9። ይህን ሲግናል ፕሮግራሙ አያየውም፤ ሊይዘውም ሊከለክለውም አይችልም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ በቀጥታ ያጠፋዋል። ግማሽ የተጻፈ ፋይል ግማሽ ሆኖ ይቀራል። የቁልፍ ፋይል (እየሠራሁ ነው የሚል ምልክት) ፈጥሮ ከነበረ እዚያው ይቀመጥና ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ጊዜ አልነሳም ሊል ይችላል።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ደግሞ በጣም እጠነቀቃለሁ። አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የቀረበ ጥያቄ) ከረዘመባችሁና የዚያን ግንኙነት ፕሮሰስ በ9 ከመታችሁት፣ ዋናው ፕሮሰስ የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቷል ብሎ ይጠረጥራል። ሌሎቹን ግንኙነቶች በሙሉ ይቆርጥና ወደ ሪከቨሪ ይገባል። አንድ ሰው ጠፍቶ ሁሉም ሰው ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ «ፒጂ_ካንስል_ባክኤንድ» የሚለውን ፈንክሽን ከነቁጥሩ መጥራት ነው፤ ኩዌሪው ብቻ ይቋረጣል። ግንኙነቱም ይዘጋ ካላችሁ «ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ» አለላችሁ።

15 ልካችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ሎጉን አይታችሁ አሁንም ካልወጣ፣ ያኔ «ኪል -9 4127» በሉ። ለዚህ ነው የተሠራው።

እሱም አልሠራ ካለ «ፒኤስ -ኦ ስታት -ፒ 4127» ብላችሁ ሁኔታውን እዩ። በዜድ ፊደል ከጀመረ ዞምቢ ነው፤ ቀድሞ ሞቷል፣ የቀረው መዝገቡ ብቻ ነው። ሊያነሳው የሚገባው ወላጁ ፕሮሰስ ስለሆነ ማየት ያለባችሁ ወላጁን ነው። ትልቁ ዲ ከሆነ ግን ዲስክ ወይም የኔትወርክ ማከማቻ እየጠበቀ ነው። ደጋግማችሁ 9 ብትልኩ ለውጥ የለውም። ኪሉን ተዉትና ዲስኩንና የኤንኤፍኤስ (የኔትወርክ ማከማቻ) ግንኙነቱን መርምሩ። ማከማቻው ሲመለስ የላካችሁት ሲግናል ይደርሰውና ይወጣል።