ለጀማሪዎች ቀላል የጥፍር ጌጥ አሠራር
የጥፍር ጌጥ ለመሞከር የምታስብ ጀማሪ፣ ውድ የጄል ቀለምና የማድረቂያ መብራት ከመግዛቷ በፊት በተራ የጥፍር ቀለም፣ በስቴኪኒና በስቲከር ብትጀምር ይሻላል። አሮጌው ቀለም በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) ከተነሣ በኋላ እጅ ታጥቦ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ቅባት የቀረበት ጥፍር ቀለም አይዝምና። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከከሰልና ከሻማ ይራቅ።

ቤዝ ኮት (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው የመጀመሪያ ሽፋን) ከተቀባ በኋላ ቀለሙ ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረባል፤ በአንድ ጊዜ የወፈረ ቀለም ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ይጨማደዳል። ለነጠብጣብ ጌጥ፣ ሌላ ቀለም ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ የስቴኪኒውን ጫፍ በመንከር ጥፍሩን ሳይጫኑ መንካት ይበቃል። ስቲከር ግን የሚለጠፈው ቀለሙ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው፤ ጠርዙም በቶፕ ኮት (በመጨረሻ ከላይ በሚቀባው ሽፋን) ካልተሸፈነ ፀጉር እየያዘ ይነሣል።