ድሮኑ ተመልሶ እንዲያርፍ፦ ጂፒኤስና የመመለሻ ቁልፍ በጎጃም ሰማይ

ሪሞቱ ላይ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ፣ ሪተርን ቱ ሆም የሚባለውን፣ ተጭናችሁ ስትይዙት ድሮኑ የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው። አስቀድማችሁ የሰጣችሁት ከፍታ ላይ እስኪደርስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የመነሻ ነጥቡ ወዳለበት በቀጥታ መስመር ይበራል፤ ከነጥቡ በላይ ሲደርስ ይወርዳል። በመሃል ባሕር ዛፍ ይኑር፣ የቴሌ ማማ ይቁም፣ የመብራት ሽቦ ይዘርጋ፣ የፊት ዳሳሽ የሌላቸው ትንንሽ ሞዴሎች አያዩም። ዳሳሽ ያላቸውም ቢሆኑ ቀጭን ሽቦና የደረቀ ቅርንጫፍ ያመልጣቸዋል፤ ሲመሽ ደግሞ አብዛኞቹ አይሠሩም። ጂፒኤስ ለድሮኑ የት እንዳለ ይነግረዋል፤ መንገዱ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ ያለበት የሚያበረው ሰው ነው፤ ያም ድሮኑ ርቆ ሳይሄድ መታወቅ አለበት።

ፈቃድ ይቅደም። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይመለከታል። ፈቃዱን በወረቀት ያዙ፤ የቀበሌውን አስተዳደርና በዙሪያው የሚኖሩትን ሰዎች አስቀድማችሁ አሳውቁ። በዚህ ዘመን በጎጃም የድሮን ድምፅ ሕፃኑም አዛውንቱም የሚሸበርበት ድምፅ ነው። ሰው ሳያውቅ ማስነሳት በደል ነው፤ ለእናንተም አደጋ አለው። አየር ማረፊያ፣ ድልድይ፣ ግድብና የጦር ካምፕ አጠገብ ፈጽሞ አታስነሱ።

ሳተላይት ስንት ሲሆን ይነሳል?

ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ በማይሠራበት ገጠርም ድሮኑ ሳተላይቶቹን ባሕር ዳር ላይ እንደሚያያቸው ያያቸዋል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ስልኩ ላይ ለሚታየው ካርታ ነው። ስለዚህ ከከተማ ሳትወጡ የምትበሩበትን አካባቢ አፑ ላይ ከፍታችሁ እያቀረባችሁና እያራቃችሁ እዩት፤ ስልኩ ይይዝላችኋል።

ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ቦታንና ከፍታን ለማስላት ቢያንስ 4 ያስፈልጋሉ፤ አራት ግን ለማብረር አይበቃም። የአሁኖቹ ድሮኖች የአሜሪካውን ጂፒኤስ ከሩሲያው ግሎናስ፣ ከአውሮፓው ጋሊሊዮ ወይም ከቻይናው ቤይዱ ጋር አጣምረው ስለሚቀበሉ ሜዳ ላይ ከ12 በላይ ማየት የተለመደ ነው። ከ10 በታች እያለ አታስነሱ። እያንዳንዱ የጂፒኤስ ሳተላይት የራሱን የምሕዋር መረጃ በየ30 ሴኮንዱ ይደጋግማል። ድሮኑ ለቀናት ተዘግቶ ከቆየ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከመጣ፣ መረጃውን እንደ አዲስ ስለሚሰበስብ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ተዉት ይሰብስብ፤ ሰልችቷችሁ አጥፍታችሁ ብታበሩት ከዜሮ ይጀምራል።

ዋርካ ሥር፣ የገደል ግድግዳ አጠገብ ወይም በሁለት ፎቅ ቤቶች መካከል ቁጥሩ ቢበዛም አትመኑት። ሲግናሉ ከግድግዳ ነጥሮ ሲደርስ ድሮኑ ራሱን ብዙ ሜትር ርቆ ያገኘዋል። ጥሩ ሰማይ ባለበት እንኳ የተለመደው ስህተት ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው፤ የመነሻ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ወይም አጥሩ ማዶ ቢያርፍ አይግረማችሁ።

በእኛ አገር ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከገባች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ከላያችን ያለው አዮኖስፌር፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው ከፍተኛው የአየር ሽፋን፣ ይረበሽና የሳተላይቱን ሲግናል ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ይበረታል። በእነዚህ ወራት ምሽት ላይ ሳተላይት ድንገት ሲቀንስ ብታዩ ድሮኑ ተበላሸ አትበሉ፤ አውርዱት።

የመነሻ ነጥቡ የት ነው የተመዘገበው?

የመነሻ ነጥቡ፣ ሆም ፖይንት የሚባለው፣ የሚመዘገበው በቂ ሳተላይት በተገኘበት ቅጽበት ድሮኑ ባለበት ቦታ ነው። ተቻኩላችሁ በ6 ሳተላይት ብታስነሱና 80 ሜትር ርቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሲግናሉ ቢሟላ፣ የድሮኑ «ቤት» ያ 80 ሜትር ላይ ያለው ቦታ ይሆናል፤ የሰው እርሻ ወይም የሰው ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ተመዘገበ የሚለው ማስታወቂያ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ካርታው ላይ ምልክቱ እግራችሁ ሥር መሆኑን እዩ።

ጣና ላይ ጀልባ ውስጥ ሆናችሁ ስታስነሱ ነገሩ ይከፋል። ጀልባው ወደ ዘጌ ይሄዳል፤ የመነሻ ነጥቡ ግን ከኋላችሁ ውኃው ላይ ይቀራል። ባትሪው ሲያልቅ ድሮኑ በታማኝነት ሐይቁ ላይ ያርፋል። ከጀልባ የምታስነሱ ከሆነ በየጊዜው አፑ ውስጥ ነጥቡን ሪሞቱ ወዳለበት አዛውሩ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ከሐይቁ ዳርቻ ማስነሳት ነው። ውኃ ላይ የሆድ ካሜራው የሚይዘው ምልክት ስለሌለው ድሮኑን ማቆም አይችልም፤ ስለዚህ ዝቅ ብላችሁ አትብረሩ።

ከፍታውን መለካት

የመመለሻ ከፍታ የሚቆጠረው ድሮኑ ከተነሳበት መሬት ነው። ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። የጎጃም መሬት ወጣ ገባ ስለሆነ ይህ ሲረሳ ድሮን ይሰበራል። ባሕር ዛፉ 35 ሜትር ቢሆንና የበቀለበት ኮረብታ ከእናንተ 15 ሜትር ከፍ ቢል፣ እንቅፋቱ 50 ሜትር ነው፤ 20 ሜትር ጨምሩና 70 ላይ አድርጉት።

በግምት አትሥሩ፤ ድሮኑ ራሱ ይለካላችሁ። ካሜራውን ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል 0 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ ከዛፉ በቂ ርቀት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ የዛፉ ጫፍ የምስሉ መካከል ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታ የዛፉ ጫፍ ከፍታ ነው። በአራቱም አቅጣጫ ዞራችሁ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ይህን ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የዓባይ ሸለቆ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከደጀን በኩል ከአፋፉ አስነስታችሁ 200 ሜትር ወደ ታች ብታወርዱትና መመለሻው 60 ሜትር ቢሆን፣ ቁልፉን ስትጫኑ ድሮኑ መጀመሪያ 260 ሜትር መውጣት አለበት። በሴኮንድ 4 ሜትር ቢወጣ እንኳ 65 ሴኮንድ ነው፤ መውጣት ደግሞ ባትሪ ይበላል። ከአፋፉ በታች ሲገባ ገደሉ የሪሞቱን ሲግናል ስለሚከልለው መመለሻው ሳትጠይቁት በራሱ ይጀምራል፤ ከላይ ያጋደለ ቋጥኝ ካለ ቀጥ ብሎ ይወጣበትና ይጋጫል። ከሸለቆው ሥር ማስነሳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ 60 ሜትር ከፍታ ይዞ የሚመለስ ድሮን በመቶዎች ሜትር ከሚቆም ግድግዳ ማዶ ካለ አይደርስም። ሸለቆው ውስጥ ድሮኑ ሁልጊዜ በዓይን ይታይ።

ነፋስና ባትሪ

ድሮኑ በሴኮንድ 10 ሜትር ይመለሳል እንበል፤ 600 ሜትር 60 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 7 ሜትር ነፋስ ከፊቱ ቢመጣ መሬት ላይ የሚቀረው ፍጥነት 3 ሜትር ነው፤ ያው መንገድ 200 ሴኮንድ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ብረሩ፤ ስትመለሱ ይግፋችሁ። ጣና ዳር ቀን ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከሐይቁ ወደ ምድር ስለሚነፍስ ይረዳችኋል፤ ሌሊትና ማለዳ ግን ይገለበጣል።

ከፍታም ዋጋ አለው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚወፍረው፤ ፕሮፔለሩ በፍጥነት መሽከርከር ስላለበት በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትጠብቁ። ጮቄ ተራራ ላይ 4,000 ሜትር ስትጠጉ መጀመሪያ መመሪያው የፈቀደውን ከፍታ አንብቡ፤ ብዙ ትንንሽ ሞዴሎች እዚያው አካባቢ ያበቃሉ። ማለዳ ባትሪውን ጋቢ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሙቁት። በሜዳ 30 በመቶ ሲቀር፣ በተራራና በነፋስ 40 ሲቀር መልሱት። ባትሪው እጅግ ሲያንስ ድሮኑ ካለበት ማረፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ማረፉን ማስቆም ባትችሉም ብዙዎቹን በስቲክ ወደ ጎን መምራት ትችላላችሁ።

የድሮኑን አቅጣጫ ጠቋሚ፣ ኮምፓሱን፣ የሚያሳስተው ብረት ነው፦ የመኪና ኮፈን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት። ከእነዚህ ራቁ፤ ካሊብሬት የምታደርጉት፣ ማለትም ኮምፓሱን እንደገና የምታስተካክሉት፣ አፑ ሲጠይቅ ብቻ ነው፤ ያውም ሣር ላይ፣ ስልክና ሰዓት አርቃችሁ። ተነስቶ ክብ እየሠራ እየሰፋ ከሄደ ኮምፓሱ ተሳስቷል፤ የመመለሻ ቁልፉን አትጫኑ፤ በእጃችሁ አውርዱት።

መሞከሪያ

ከብት በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ 3 ሜትር አንሱትና 30 ሴኮንድ አቁሙት፤ ካልተንሸራተተ ወደ 30 ሜትር አውጡት፤ 60 ሜትር አርቁት፤ ከዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ። ሲወጣ፣ ሲዞር፣ ሲመጣ እዩ። መሃል ላይ ቁልፉን አንድ ጊዜ ነክታችሁ ማቋረጥን ተለማመዱ፤ መጥፎ መንገድ ሲይዝ የሚያድነው ይህ ነው። ሞዴላችሁ ወደ መነሻው በጣም ሲቀርብ ወደ ላይ ሳይወጣ በዚያው ከፍታ መምጣቱን ወይም ወዲያው ማረፉን መመሪያው ላይ አረጋግጡ። ዛፍ ወይም ጣሪያ ሥር ስትሠሩ ሲግናል ቢጠፋ ወደ ላይ እንዳይወጣ በአፑ «ባለበት ይቁም» የሚለውን ምረጡ፤ ስትጨርሱ መልሱት።

ድሮኑ ከጠፋ አፑን አትዝጉ። ካርታው ላይ የቀረውን የመጨረሻ ነጥብ ፎቶ አንሱ፤ ወደዚያ ስትሄዱ ሪሞቱን ክፍት አድርጉ፤ ሲግናል ከያዘ መብራቱንና ድምፁን ማዘዝ ይቻላል። ጤፍ ውስጥ ከወደቀ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ በአንድ ሰው ብቻ፣ በቦዩ በኩል ግቡ።