ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በመኪና፦ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎንደርን ለማየት የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ተመልክቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ያቀናል። ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ጣና ዳር ድረስ የሚወርደው ጥቂት ነው። ጎንደርን በቅጡ ማወቅ ለሚሻ ሰው ግን አስቀድሜ የምመክረው ይህንን የ60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር፤ አዘዞና ጎርጎራም ከመቀመጫዎቹ መካከል ነበሩ። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይሄዳል ማለት ነው።

ቀኑን ይምረጡ፤ መንገዱን ይጠይቁ

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ያጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ወደ ቆላ ድባና ወደ ጎርጎራ የሚመላለሱ ሾፌሮች የዕለቱን ሁኔታ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ በዋዜማው ጎንደር መናኸሪያ ሄዶ እነርሱን መጠየቅ ይበጃል። አይሆንም ካሉዎት ቀኑን ይለውጡ። በዚህ ጉዳይ ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

ከወራቱ ሁሉ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ የኑግ ማሳዎች ቢጫ ለብሰው ይታያሉ። ክረምቱን ግን ይተዉት። በአዘዞና በጣና መካከል የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ አፈር ውኃ የሚይዝ ጥቁር መረሬ ነው፤ እንደ መገጭና ድርማ ያሉ ወንዞችም ሲሞሉ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ መኪና ጭቃ ውስጥ ቢቀር አያስገርምም።

መኪናና ስንቅ

ነዳጅ ጎንደር ላይ ሞልተው ይነሱ። ትርፍ ጎማው አየር እንዳለው፣ ክሪኩም መኪናው ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። መንገዱ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ስለነበረ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ከሾፌሮቹ ይረዱ፤ ከፍ ያለ መኪና ካገኙ ሐሳብዎ ያርፋል። ለጀልባ፣ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያና ለምሳ የሚሆን ዝርዝር ብር ይያዙ። ውኃ፣ ኮፍያና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም አይርሱ፤ ደምቢያ የታወቀ የወባ አገር ነው። ሴቶች ነጠላ ቢይዙ ለቤተ ክርስቲያኑ ይጠቅማቸዋል።

ማለዳ ይነሱ፤ አዘዞ ላይ ቆም ይበሉ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎንደርን ለቀው መውጣት አለብዎት። ማለዳ መነሣት የሚያስፈልገው በሐይቁ ጠባይ ምክንያት ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበል ያበዛል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ጀልባ ላይ ሲንገላታ ይውላል።

ከተማውን በደቡብ በኩል ለቀው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት አዘዞን ነው። ብዙ ሰው አዘዞን የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ግን ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት፣ የአትክልት ቦታና የውኃ ገንዳ ያለው ቤተ መንግሥት የነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲያርፉም የተቀበሩት እዚሁ ነው። የካቶሊክ እምነት ተቀብለው አገሩ በደም ከታመሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁ ንጉሥ ናቸው። ሩብ ሰዓት ቆመው አካባቢውን ቢያዩ አይቆጭዎትም። የጎንደር ግንቦች በድንገት ከመሬት አለመብቀላቸው የሚገባው እዚህ ነው።

አዘዞ ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ትተው በስተቀኝ ወደ ቆላ ድባ የሚወስደውን ይያዙ። ከተጠራጠሩ «የጎርጎራ መንገድ የትኛው ነው?» ብለው የመጀመሪያውን ሰው ይጠይቁ።

ደምቢያን በዝግታ ይሻገሩ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጣና ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ቁልቁለቱ ስላልበረታ መውረድዎን የሚነግርዎት ከእግርዎ ፍሬን ይልቅ ሙቀቱ ነው። ከአዘዞ ማዶ ኮረብታው ያልቅና ሜዳው ይዘረጋል። ለዚህ መንገድ ያለኝ ፍቅር የሚያይለው ይህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ሠራዊት ይቀልብ የነበረው የደምቢያ እህል ነውና። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ጓያው፣ ማሽላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ በየወቅቱ ይፈራረቃል። ውኃ ባቆሩት ቦታዎች ዳር ራሳቸው ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ወርቃማ ላባ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለቅሙ ካዩ መኪናውን ያቁሙ። ሞተሩን ካጠፉና በሩን ካልከፈቱ ብዙ ጊዜ አይበርሩም።

ፍጥነት እዚህ አይጠቅምም። ከብት፣ የተጫነ አህያና ተማሪ መንገዱን ከመኪናው ጋር ይጋራሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱ ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ነው። ጥሩምባ ከማብዛት ፍጥነት መቀነስ ይሻላል። ቆላ ድባ የመንገዱ እኩሌታ ያህል ናት፤ ቁርስና ቡና እዚያ ይድረስ። ከዚያ ጯሂትን አልፈው ወደ ሐይቁ ይቀጥላሉ። ቡናውንና ማረፊያውን ጨምረው ለጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ይመድቡለት።

ጎርጎራ ሲደርሱ በደብረ ሲና ይጀምሩ

ጎርጎራ ትንሽ ወደብ ናት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጦር ሰፈርና የጀልባ መጫኛ አድርገዋት ነበር፤ ያቆሙት ሐውልትም ኮረብታው ላይ ይታያል። በቅርቡ ደግሞ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ለገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተመርጣ ትልቅ ሪዞርት ተሠርቶባታል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ወደ ደብረ ሲና ማርያም ይሂዱ።

ሣር ክዳን ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል። የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ያሣሉትም የዐፄ ፋሲል እኅት ወይዘሮ መለኮታዊት እንደሆኑ ይተረካል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው እዚህ ሲገባ በቀለሙም በአሣሣሉም ልዩነቱን ያያል፤ ፊቶቹ ረጋ ያሉ፣ መደቡ ገለጥ ያለ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይስጡት። ጫማ አውልቀው ይግቡ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት ካህኑን ያስፈቅዱ፤ በብልጭታ ፈጽሞ አያንሡ፤ ሥዕሎቹን በእጅ አይንኩ። ካህኑ ሲያስረዱ ቸኩለው ወደሚቀጥለው ሥዕል አይለፉ። በየሥዕሉ ሥር ያለውን ታሪክ ከእርሳቸው በተሻለ የሚነግርዎት የለም።

ወደ ሐይቁ ይውጡ

ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን፣ የሚደርሱበትን ቦታና የመመለሻውን ሰዓት በግልጽ ይነጋገሩ። የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ ከሌለ አይሳፈሩ። ጊዜው ከበቃዎት ማርያም ግንብን ይምረጡ። ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ በገባ መሬት ላይ የቆመ፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሱስንዮስ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። በዚያን ጊዜ በንጉሡ ዘንድ ትልቅ ስፍራ የነበረው ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው ጎርጎራ ነው። የተጠረበውን ድንጋይና የቀረውን ጌጥ ከፋሲል ግንብ ጋር በሐሳብዎ ያስተያዩ። ፍርስራሹ ላይ አይውጡ፤ ድንጋዩ የሚያስተማምን አይደለም።

አንዳንዶቹ የሐይቁ ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይጠይቁ።

ውኃው ቢያምርም ዳር ላይ አይዋኙ። የጣና ዳርቻ የቢልሃርዝያ በሽታ ያለበት ነው። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የታየውን እምቦጭም ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህ አረም የዓሣ አስጋሪውን መረብና የደንገል ታንኳውን መንገድ የዘጋ መከራ ነው። ቅጠሉንም ሆነ አበባውን ለማስታወሻ ብለው ይዘው አይሂዱ፤ ወደ ሌላ ውኃ የሚዛመተው እንዲህ ባለ መንገድም ጭምር ነው።

ምሳ ዓሣ ነው። የዓሣውን ዓይነት ጠይቀው ይዘዙ፤ ቆሮሶ ጥብስ ሆኖ ሲቀርብ ተወዳዳሪ የለውም። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ብዙዎች ናቸው፤ ለእንግዳ የሚጋብዙ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁት።

መመለሻ

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ መኪናዎን ያስነሡ። ከብቱ ወደ ቤት የሚገባው፣ አቧራውና የምዕራቧ ፀሐይ ዓይን የሚያጭበረብሩት ከ11 ሰዓት በኋላ ስለሆነ አዘዞ ላይ አስቀድሞ መድረስ ይሻላል። ማደር ካሰኘዎት አልጋው አጎበር እንዳለው አይተው ይከራዩ። መኪናውን ወደ ጎንደር የሚመልስልዎት ሾፌር ካለ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ፤ በደልጊና በቁንዝላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መርከብ መኖሩንና የሚነሣበትን ቀን ከወደቡ ይጠይቁ። በየቀኑ የሚሄድ ስላልሆነ ይህንን ማጣራት ያለብዎት ከጎንደር ከመነሣትዎ በፊት ነው።