የከሰል ቆፋሪው የሚተነፍሰውን ብናኝ እንዴት እንለካለን?

ልብስ የሚያጠቁረው ትልቁ የከሰል አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው ከ4 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ በታች የሆነውና ዐይን ለይቶ የማያየው ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንዳለው የሙሽ ሸለቆ ባለ የሊግናይት (ለስላሳ ቡናማ) ከሰል ስፍራ «ዛሬ አቧራ የለም» የሚለው የአለቃ ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። መለካት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሰው ይምረጡ። በዶማ ከሰሉን የሚፈነቅለው፣ መፍጫው አጠገብ የሚቆመው፣ ነፋስ በሚወርድበት በኩል በአካፋ የሚጭነው ይቅደም። በር ጠባቂውን ለክቶ «ጤነኛ ነን» ማለት ራስን ማታለል ነው።

የሚያስፈልገው ቀበቶ ላይ የሚታሰር ፓምፕ፣ ባለ 10 ሚሊሜትር የናይለን ሳይክሎን፣ 37 ሚሊሜትር ስፋትና 5 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ማጣሪያ፣ ካሴት (የማጣሪያው መያዣ) እና ቱቦ ነው። ሳይክሎኑ አየሩን አሽከርክሮ ትልቁን አቧራ ወደ ታች ይጥላል፤ ደቃቁ ብቻ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ማጣሪያዎቹ ከመመዘናቸው በፊት በሚዛን ክፍሉ አየር ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆዩ። ሚዛኑ የሚሊግራም ሺኛ የሚለይ መሆን አለበትና ይህን ለላቦራቶሪ ይተዉት። አየር ያልተሳበባቸው፣ ግን ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚጓዙ ቢያንስ 2 ባዶ ማጣሪያዎችም ይመዝገቡ።

ብዙው ስህተት የሚመጣው ከአየር ፍሰቱ ነው። ለዚህ ሳይክሎን ትክክለኛው በደቂቃ 1.7 ሊትር ነው። ሳይክሎኑንና ማጣሪያውን እንደተገጠሙ ክዳኑ ሁለት ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ውስጥ አስገብተው 1 ሊትር ከሚይዝ የሳሙና አረፋ ቱቦ ጋር ያገናኙ። አረፋው ቱቦውን ለመጨረስ 35 ሰከንድ ያህል ከፈጀ ፓምፑ ተስተካክሏል። ይህን ማዕድኑ ባለበት ከፍታ ይሥሩት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በባሕር ጠለል የተስተካከለ ባለ ኳስ ፍሰት መለኪያ 1.7 ሲል እውነተኛው ፍሰት 2 ሊትር ይጠጋል። ፍሰቱ ከበዛ ሳይክሎኑ ሊቆጠር የሚገባውን ብናኝ ጭምር ይጥላል፤ የአየሩ መጠንም በስህተት ይሰላል። ውጤቱ ወዴት እንዳዘነበለ እንኳ መናገር ያስቸግራል።

ፈረቃው ሲጀመር ሳይክሎኑን ከሠራተኛው አፍንጫ 30 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ኮሌታው ላይ ቀጥ አድርገው ያያይዙ። ጠዋት ውርጭ ስላለ ሠራተኛው ጋቢ ወይም ወፍራም ኮት ይደርባል፤ ጨርቁ የአየር መግቢያውን እንዳይሸፍን ሳይክሎኑ ከላይ ይሁን። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ፓምፑ ከልብስ ስር ይቀመጥ። ሳይክሎኑ ከተገለበጠ ታች የተጠራቀመው ትልቅ አቧራ ወደ ማጣሪያው ይመለሳልና ያ ናሙና ይጣላል። መሣሪያውን ምሰሶ ላይ ሰቅሎ መሥራት ሠራተኛውን ሳይሆን ምሰሶውን መለካት ነው፤ ስለዚህ መሣሪያውን የሚይዝበት ምክንያት ለሠራተኛው አስቀድሞ በትዕግሥት ይነገረው።

በየ2 ሰዓቱ እየሄዱ ፓምፑን ይዩ፤ ምን ሥራ እየተሠራ እንደነበር፣ ውሃ ይረጭ እንደሆነና ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ይጻፉ። ፈረቃው ሲያበቃ ፍሰቱን እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ናሙናው አይቆጠርም። ካሴቶቹን ደፍነው፣ ማጣሪያው ወደ ላይ እንደሆነ በእጅ ይያዙ እንጂ በአውቶቡስ ጣሪያ አይላኩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1.7 ሊትር በ480 ደቂቃ ሲባዛ 816 ሊትር፣ ማለትም 0.816 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከፈረቃው በኋላ ሲመዘን የማጣሪያው ክብደት 1.30 ሚሊግራም፣ የባዶው 0.04 ከጨመረ፣ ልዩነቱ 1.26 ለ0.816 ሲካፈል 1.54 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ይወጣል። በአሜሪካ የከሰል ማዕድናት ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ የሚሠራበት ጣሪያ 1.5 ነው፤ የዚያው አገር የሥራ ጤና ተቋም የሚመክረው ደግሞ 1 ነው። ከሰሉ ከአሸዋማ ድንጋይ ጋር ተደራርቦ የሚቆፈር ከሆነ ኳርትዙ (በአሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ያለው ማዕድን) ለብቻው ይመርመር፤ የተቋሙ ምክር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ነውና አጠቃላይ ብናኙ ዝቅ ብሎም አደጋው ከፍ ሊል ይችላል።

የአንድ ቀን ቁጥር በቂ አይደለም፤ በበጋውም በክረምቱም ይደገም። ጣሪያው ከታለፈ በሚቆፈርበት ነጥብ ላይ ውሃ ይረጭ፣ መፍጫው ይሸፈን፣ ጭንብል ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከዚያ ያንኑ ሰው፣ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ እንደገና ይለኩትና ሁለቱንም ቁጥሮች ለራሱ ያሳዩት።